ስለ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ታሪክና ስለ አዲስ ገቢው ሰው

ለዚህ የትምህርት ቤታችን በዓል መታሰቢያ መጽሐፍ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ከታሪክ አንድ ነገር መርጠን እንድንጽፍ በታዘዝን ጊዜ፣ ከጓደኞቻችን የሚበዙት ስለ ዐድዋ ድል፣ ስለ ላሊበላ ሕንፃዎችና ስለ አክሱም ሐውልቶች ለመጻፍ ተሽቀዳደሙ። የእኛ ምርጫ ዕድሜው ከወላጆቻችን ዕድሜ እምብዛም የማይበልጥ፣ ሐውልትም ያልቆመለት ታሪክ ነው። ይኸውም ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር የሚባለው ነገር እንዴት እንደ ተጀመረና በማን ትከሻ እስከ ዛሬ እንደ ቆየ ነው። ይህን ለመጻፍ ያደፋፈረን የዕውቀታችን ብዛት አይደለም፤ ወደዚህ ቤት ከገባን ገና ሁለት ዓመት አልሞላንምና። ነገር ግን አዲስ ገቢ ሰው፣ ነባሮቹ ከመልመድ የተነሣ የማያዩትን አንዳንድ ነገር ያያል ብለን እናምናለን። ከዚህ በታች የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

ነገሩ እንዲህ ጀመረ። በኮምፒዩተር ክፍላችን ያሉት መኪናዎች ያረጁ ስለ ሆኑ አዲሱን ዊንዶውስ መሸከም አቃታቸው። መምህራችንም አንድ ቅዳሜ መጥተው ሊኑክስ የሚባለውን በሁሉም ላይ ጫኑባቸውና መኪናዎቹ እንደ ገና ነፍስ ዘሩ። «ዋጋው ስንት ነው?» ብለን ብንጠይቃቸው «ዋጋ የለውም» አሉን። እኛም በየሱቁ በፍላሽ እየተገለበጠ የሚሸጠውን ሶፍትዌር የለመድን ስለ ሆንን፣ ይህም ያው የስርቆት ቅጂ ነው ብለን ለመምህራችን ክብር ስንል ዝም አልን። እሳቸው ግን አሳባችን ገብቷቸው ሳቁና፣ «ከፍታችሁ ብታነቡት፣ ብትለውጡት፣ አባዝታችሁ ለጎረቤት ብትሰጡት የሚከሳችሁ የለም። ማን እንዲህ እንዳደረገው ፈልጋችሁ ድረሱበት» አሉን። ይህ ጽሑፍ የዚያ ፍለጋ ፍሬ ነው።

ሶፍትዌር ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ሰው ጽፎ ሰው የሚያነበው ምንጭ ጽሑፍ ወይም ሶርስ ኮድ ነው፤ ሁለተኛው ከዚያ ተለውጦ መኪናው ብቻ የሚረዳው የ0 እና የ1 ክምር ነው። ብዙ ኩባንያዎች የሚሸጡት ሁለተኛውን ብቻ ነው። ይህም ወጥ እንደ መሸጥ ነው፤ ገዢው ቀምሶ ጣፈጠ ወይም ጨው በዛበት ይላል እንጂ፣ ሽንኩርቱ ምን ያህል እንደ ተቁላላ፣ ቅመሙ መቼ እንደ ገባ ከሳሕኑ አይቶ ሊያውቅ አይችልም።

በአሜሪካ አገር ኤም አይ ቲ በሚባለው የቴክኖሎጂ ተቋም በ1970ዎቹ ዓመታት የነበሩ የኮምፒዩተር ሠራተኞች ግን ምንጭ ጽሑፋቸውን እርስ በርሳቸው ሲዋዋሱ የሚኖሩ ነበሩ። ከእነዚህም አንዱ ሪቻርድ ስቶልማን ነበረ። በቤተ ሙከራቸው የነበረው የማተሚያ መኪና ወረቀት እየያዘ ያስቸግር ስለ ነበር፣ ስቶልማን በምንጭ ጽሑፉ ላይ ጥቂት ጨምሮ፣ መኪናው በቆመ ቁጥር ኅትመት ለሚጠባበቁት ሁሉ መልእክት እንዲደርሳቸው አደረገ። በ1980 ገደማ ከዜሮክስ ኩባንያ አዲስ የሌዘር ማተሚያ መጣላቸው፤ ከመኪናው ጋራ የመጣው ግን የ0 እና የ1 ክምር ብቻ ነበረ። አዲሱም መኪና ወረቀት ይይዝ ነበር። ስቶልማን ምንጭ ጽሑፉ አለው ወደ ተባለ፣ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ወደሚገኝ ባለሙያ ሄዶ ቢጠይቅ፣ ሰውዬው «ለማንም ላልሰጥ ቃል ገብቻለሁ» ብሎ መለሰው። የአንድ ወረቀት መቀርቀር ይህን ያህል ታሪክ ያስከትላል ብሎ ማን ይጠረጥራል!

በሴፕቴምበር 27 ቀን 1983 ስቶልማን፣ ማንም ሊያነበው፣ ሊለውጠውና ሊያባዛው የሚችል፣ ግኑ የተባለ ሙሉ የኮምፒዩተር ሥርዓት እንደሚሠራ አስታወቀ፤ በጃንዋሪ 1984 ለዚሁ ሲል የተቋሙን ሥራ ለቀቀ። ከሥራዎቹ ሁሉ እኛን ይበልጥ ያስደነቀን በ1989 የወጣው የፈቃድ ወረቀት ነው። የደራሲነት መብት ሕግ ያለ ደራሲው ፈቃድ ማንም እንዳያባዛ ይከለክላል። ስቶልማን ይህን ሕግ አልጣሰውም፤ ገልብጦ ለበሰው እንጂ። ፈቃዱ በአጭሩ፣ ይህን ሥራ ውሰድ፣ ለውጠው፣ አባዛው፣ ብትወድም ሽጠው፤ ነገር ግን ለሌላ ስታስተላልፍ አንተ ያገኘኸውን መብት ለእሱም ስጠው፣ ምንጭ ጽሑፉንም አትደብቅበት የሚል ነው። መጽሐፍ ተውሶ የገለበጠ ሰው የራሱን ግልባጭ ለሚቀጥለው ተዋሽ ላይከለክል እንደ መማል ያለ ነገር ነው።

ግኑ ብዙ ዕቃ ቢያዘጋጅም ዋናው ልብ፣ ማለት የመኪናውን አካልና ፕሮግራሞቹን የሚያገናኘው ክፍል፣ ገና አልተጠናቀቀም ነበር። ይህን ክፍተት የሞላው ማንም ያልጠበቀው አዲስ ገቢ ነው። በኦገስት 25 ቀን 1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለትርፍ ጊዜው የሚሠራው ነገር እንዳለ፣ እንደ ግኑም ትልቅ እንደማይሆን ገልጦ፣ በኮምፒዩተር በሚጻጻፉ ሰዎች ፊት አስተያየት ጠየቀ። ዕድሜው 21 ነበር፤ ከእኛ በሦስት ዓመት ብቻ ይበልጣል ማለት ነው። በዚያው ዓመት ያወጣው የመጀመሪያው ጽሑፍ 10,000 መስመር ያህል ነበረ። በ1992 ሥራውን በስቶልማን ፈቃድ ሥር አዋለው፤ ከዚያ በኋላ የማያውቃቸው ሰዎች ከየአገሩ እርማት ይልኩለት ጀመር። ትልቅ አይሆንም ያለው ነገር ከኖቬምበር 2017 ጀምሮ በፍጥነታቸው በዓለም የታወቁትን 500 ታላላቅ ኮምፒዩተሮች ሁሉ የሚያንቀሳቅስ ሆኗል። አንድሮይድ ስልክ በኪሱ የያዘ አንባቢም ሊኑክስን ሳያውቀው ተሸክሞት ይዞራል።

ክፍት ምንጭ የሚለው ስም የመጣው ዘግይቶ፣ በፌብሩዋሪ 1998፣ ክሪስቲን ፒተርሰን የተባለች ሴት ባቀረበችው አሳብ ነው። ስቶልማን ይጠቀምበት የነበረው «ፍሪ» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ አርነት ያለው ማለትም ዋጋ የሌለው ማለትም ስለ ሆነ ነጋዴዎች ይሸሹት ነበር። የእኛም ቋንቋ ከዚህ ችግር አላመለጠም፤ ነጻ የወጣ ባሪያም ነጻ ይባላል፣ በነጻ የተሰጠ ሳሙናም እንዲሁ። ስቶልማን ግን አዲሱን ስም እስከ ዛሬ አልተቀበለውም፤ የአርነቱን ነገር ያስረሳል ይላል።

እዚህ ላይ የአገራችን ፊደል ጉዳይ ይመጣል። ስቶልማን የጻፈው ኢማክስ የተባለ የጽሕፈት ፕሮግራም ነበረ። በጃፓን አገር በጹኩባ ከተማ የነበሩ የምርምር ሠራተኞች ምንጭ ጽሑፉን ወስደው የብዙ አገሮችን ፊደል እንዲጽፍ አደረጉት፤ ከእነዚህም አንዱ የግዕዝ ፊደል ነው። ሥራቸው በ1997 በወጣው 20ኛው የኢማክስ እትም ውስጥ ገባ። ዩኒኮድ የተባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ግዕዝን የተቀበለው ከዚያ በኋላ፣ በ1999 ነው። በዚያ ዘመን በአገራችን የነበሩት የፊደል ሶፍትዌሮች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አቈጣጠር ስለ ነበራቸው፣ በአንዱ መሥሪያ ቤት የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የምልክት ጥራጊ ይሆን ነበር። ጃፓኖቹ ግን ፈቃድ ለማግኘት ለማንም ማመልከት አላስፈለጋቸውም። ይህን ስናነብ ደስ አለን፤ ጥቂትም ቀናን።

ይህን አሠራር ለማስረዳት በክፍላችን ብዙ ጊዜ ደቦ ይጠቀሳል፤ እኛም መጀመሪያ ምሳሌው ደስ ብሎን ነበር። ኋላ ስናስበው ግን ልዩነቱ ታየን። ወደ ደቦ የሚመጣው ሰው የማን ልጅ እንደ ሆነ ይታወቃል፤ ዛሬ የጎረቤቱን ካጨደ ነገ ጎረቤቱ የእሱን ያጭድለታል። በዚህኛው ደቦ ግን አጫጁ ፊቱ አይታይም፤ ማጭድ ይዞ ይምጣ ችቦ ይዞ አይታወቅም። የማሳው ባለቤትም፣ ማለት የሚላከውን እርማት አንብቦ የሚቀበለው ወይም የሚመልሰው ሰው፣ ብዙ ጊዜ ብቻውን ነው። ጠላውንም ጠማቂ እሱ፣ በረኛውም እሱ ነው።

በረኞቹ ሁሉ ደጎች ነበሩ ማለታችን አይደለም። ቶርቫልድስ ራሱ የማይረባ እርማት በላኩለት ሰዎች ላይ በሚያወርደው ስድብ የታወቀ ነበረ፤ በሴፕቴምበር 2018 በይፋ ይቅርታ ጠይቆ ለጥቂት ጊዜ ከሥራው ገለል አለ፣ ለሠራተኞቹም አዲስ የመተዳደሪያ ደንብ ወጣ። በሌላ በኩል ደግሞ በረኛው ከድካም የተነሣ ያላየው ነገር አለ። በኤፕሪል 2014 የብዙ ባንኮችንና መደብሮችን ምስጢር በሚጠብቀው ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል በተባለ ሶፍትዌር ውስጥ ሃርትብሊድ የተሰኘ ስሕተት ተገኘ። ጠያቂው ጥቂት ፊደል ልኮ «64 ሺህ ነው የላክሁት፤ ያንኑ መልስልኝ» ቢለው፣ መኪናው ሳይቈጥር በአጠገቡ ያለውን የሌላ ሰው ምስጢር ጨምሮ ይሰጠው ነበር። ጽሑፉ ለዓለም ሁሉ ክፍት ሆኖ ሳለ ስሕተቱ ሁለት ዓመት ተቀምጧል። በዚያን ጊዜ ሥራውን በሙሉ ጊዜው የሚሠራ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ በስጦታ የሚገኘውም በዓመት 2,000 ዶላር ያህል ነበረ።

አሁን ወደ ራሳችን ጕዳይ እንመለስ። ባለፈው ዓመት እኛና የክበባችን ጓደኞች የአንድ ትንሽ የጽሕፈት ፕሮግራም የአማርኛ ትርጕም አስቆን ነበር። ጽሑፍን ለማስቀመጥ በተሠራው ቁልፍ ላይ «አድን» ተብሏል። ተርጓሚው ሴቭ የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ከሞት እንደ ማዳን ቈጥሮት ነው፤ ‹ድ›ን አጥብቆ ለሚያነበው ደግሞ አውሬ አድን የሚል ትእዛዝ ይሆናል። ማውስ የምትባለውም ዕቃ «አይጥ» ተብላለች። ሰባት ቃላት ለቅመን እርማታችንን ላክንና እንደ ጀግና ሆነን መልስ ጠበቅን። ስድስት ሳምንት ምንም አልመጣም። በዚህ ተቈጥተን፣ ጊዜ ከሌለዎት ሥራውን ጊዜ ላለው ሰው ለምን አያስረክቡም የሚል ደብዳቤ ጻፍን።

በሦስተኛው ቀን መልስ መጣ። ሰውዬው ለእንጀራው ሌላ ሥራ ያለው፣ ይህን በሌሊት የሚሠራ መሆኑን ገልጦ ስለ መዘግየቱ ይቅርታ ጠየቀ። አማርኛ ስለማያነብ ግን ሌላ አንባቢ ምስክር እንዲሆን ለመነን። የክፍል ጓደኛችንን ስም ሰጠነው። እሱም በትሕትና፣ ምስክሩ ከእናንተ ትምህርት ቤት ያልሆነ ቢሆን እመርጣለሁ ብሎ መለሰ። እንደ ሌባ የተቈጠርን መሰለን። አንድ ሳምንት ሙሉ በዕረፍት ሰዓት ሌላ ወሬ አልነበረንም፤ ሥራውን እንተወው ያሉም ነበሩ።

በዚሁ መካከል ነው የኤክስ ዜድን ታሪክ ያነበብነው። ኤክስ ዜድ የፋይልን መጠን የሚያሳንስ ሶፍትዌር ነው፤ በብዙ የሊኑክስ መኪናዎች ውስጥ ይገኛል፣ ባለቤቱም አንድ ፊንላንዳዊ ነበር። በ2021 መጨረሻ ጂያ ታን የሚል ስም ያለው አዲስ ገቢ እርማት ይልክለት ጀመር። እርማቱ ጥሩ፣ አነጋገሩ ትሑት ነበር። በ2022 ሌሎች የማይታወቁ ስሞች ብቅ ብለው ሥራው ዘገየ፣ ሌላ ሰው ይረከበው እያሉ ባለቤቱን ይነዘንዙት ያዙ። እሱም ደመወዝ የሌለው የትርፍ ጊዜ ሥራ መሆኑን አስታወሳቸው፤ ኋላ ግን ሥልጣኑን ለዚያ ትሑት ረዳት አካፈለው። በፌብሩዋሪ 2024 በወጣው እትም ውስጥ፣ ለሙከራ የተቀመጡ በሚመስሉ ፋይሎች ተሸፍኖ፣ ቁልፉን የያዘ ሰው ከሩቅ ሆኖ በሰው ኮምፒዩተር የሚገባበት ስውር በር ተቀበረ። ይህን ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ነው፤ ወደ መኪናው ሲገባ ግማሽ ሴኮንድ ያህል ቢዘገይበት ምክንያቱን መረመረና በማርች 29 ቀን 2024 ለዓለም አስታወቀ። የተበከለው እትም ወደ ብዙዎቹ መኪናዎች ሳይደርስ ተያዘ። የጂያ ታን እውነተኛ ማንነት በይፋ አልታወቀም፤ ነዝናዦቹም ተባባሪዎቹ ወይም ራሱ በሌላ ስም እንደ ነበሩ ብዙ ባለሙያዎች ይገምታሉ።

አንብበን ስንጨርስ ማንም አልተናገረም። ሥራውን ለሌላ ያስረክቡ የሚለው የእኛ ደብዳቤ ከነዚያ ነዝናዦች ቃል በምን ይለያል? አንዱ ለሌላው የሚመሰክር ሁለት ስም ይዘን የቀረብነውስ እኛ አይደለንምን? አማርኛ የማያነብ ሰው፣ በቁልፉ ላይ ስድብ ጽፈን ብንልክለት እንኳ በምን ያውቃል?

የይቅርታ ደብዳቤ ጻፍን፤ ምስክሩንም እሱ ራሱ እንዲፈልግ ለመንነው። ከወር በኋላ በአሜሪካ አገር የሚኖሩ፣ ከዚህ በፊት ለዚያው ፕሮግራም እርማት የላኩ አንድ ኢትዮጵያዊ ቃላቱን አዩልን። አምስቱን አጸደቁልን፤ አሁን ቁልፉ «አስቀምጥ» ይላል። አንዱን፣ ስሕተቱ የእኛው ነበርና፣ በአክብሮት መለሱት። ስለ «አይጥ» ግን አልተስማማንም፤ እሳቸው ልጆች ቶሎ ይረዷታልና ትቆይ ይላሉ፣ እኛ ማውስ ትባል እንላለን፤ እስከ ዛሬ እየተጻጻፍን ነው።