ምስጠራ የማይሸፍነው፦ የመልእክት ሰዓትና መጠን

አዲስ አበባ፣ መሪ አካባቢ ተቀምጦ፣ ስሙን ሳይገልጽ የቴሌግራም ቻናል የሚያስተዳድር ሰው አለ እንበል። ከስልኩ የሚወጣው ሁሉ የተመሰጠረ ስለሆነ፣ መስመሩን የሚቆጣጠር አካል የጻፈውን ማንበብ አይችልም። ፎቶው በስንት ሰዓት እንደወጣና ስንት ኪሎባይት እንደሆነ ግን ያያል። ቻናሉ ክፍት ከሆነ ተቆጣጣሪው ራሱ አባል ሆኖ የየልጥፉን ሰዓትና መጠን ይመዘግባል፤ የቀረው ሁለቱን መዝገቦች ማመሳከር ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የማሳቹሴትስ አምኸርስት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ15 ደቂቃ የቴሌግራም ፍሰት አስተዳዳሪውን በ94 በመቶ ትክክለኛነት ለመለየት እንደሚበቃ አሳይተዋል።

የእኛው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የትራፊክ ዳታን ሲተረጉም የግንኙነቱን መነሻ፣ መድረሻ፣ ሰዓትና መጠን ይጠቅሳል፤ አገልግሎት ሰጪዎችም ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩት ያዛል። ፍርድ ቤት ካላዘዘ በምስጢር መያዝ አለበት። በእርግጥ እያንዳንዱ ፓኬት ይቀመጣል ማለት አይደለም፤ ሆኖም ለማመሳከር የሚያስፈልጉት ነገሮች ከሞላ ጎደል በትርጓሜው ውስጥ አሉ።

በየካቲት 2015 ዓ.ም. ቴሌግራምና ፌስቡክ ሲታገዱ ብዙ ሰው ወደ ቪፒኤን ዞረ። ቪፒኤን መድረሻን ይሰውራል እንጂ የፍሰቱን መልክ አይለውጥም። ማንነትን ለመሰወር የሚያገለግለው የቶር መረብም ቢሆን መረጃን በእኩል መጠን ይቆራርጣል፣ ሰዓቱን ግን አያዛባም። ቶር በ2004 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ውስጥ የታገደውም ይዘቱ ተነቦ ሳይሆን፣ ግንኙነት ሲጀምር በሚያሳየው የተለየ ጠባይ ታውቆ ነው።

ለዚህ ችግር የምስጠራ ተመራማሪው ዴቪድ ቻውም በ1981 እ.ኤ.አ. ያቀረበው መፍትሔ መልእክቶችን አጠራቅሞ፣ መጠናቸውን አስተካክሎ፣ ቅደም ተከተላቸውን አደበላልቆ መላክ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ከኤምአይቲ የወጣው ቩቩዜላ የተባለ የመልእክት ሥርዓት የሐሰት ትራፊክ ጨመረበት፤ ለአንድ ሚሊዮን ተጠቃሚዎች አንዱን መልእክት ለማድረስ 37 ሰከንድ ይፈጅበታል። 37 ሰከንድ ማንንም አይጎዳም። የሚከብደው የሐሰት ትራፊኩ ነው፤ በሜጋባይት ጥቅል ለሚገዛ ሰው ባዶው ዳታም ከጥቅሉ ይቆረጣል። ስለዚህ እኛ አገር መስመሩን በሐሰት ትራፊክ ከመሙላት ይልቅ መልእክቱን ማዘግየት ቅድሚያ ሊሰጠው ይገባል እላለሁ።

ማዘግየት ደግሞ አዲስ ሶፍትዌር አይጠይቅም። ቴሌግራም ልጥፍን ለሌላ ሰዓት ቀጠሮ የማስያዝ አማራጭ አለው፤ ጠዋት የተጫነ ፎቶ ማታ ከሰርቨሩ ሲለቀቅ፣ የሰዓቱ ግጥምጥሞሽ ይጠፋል። መጠኑ ግን እንዳለ ይቀራል፤ በተለይ ቪዲዮ ከሆነ፣ የዚያን ቀን ከአካባቢው የወጡ ትልልቅ ፋይሎች ጥቂት ናቸውና። ቴሌግራም ራሱም ማን ምን እንደጫነ ያውቃል።