የክረምት አርማታ፦ በደብረ ብርሃንና በአንኮበር የቤት መሠረት አሞላል

ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የምትገኘው የደብረ ብርሃን ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ሜዳማ ደጋ ላይ የተቆረቆረች ናት። ከከተማዋ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ሲጓዙ ሜዳው አልቆ ገደሉ ይጀምራል፤ የቀድሞዋ የሸዋ ነገሥታት መናገሻ አንኮበርም የአፋርን ቆላ ቁልቁል በሚያየው በዚሁ ተዳፋት ላይ ትገኛለች። ሁለቱ አካባቢዎች በመልክዓ ምድር ቢለያዩም ክረምት ሲገባ ቤት ሠሪውን የሚገጥመው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም ለቤት መሠረት የሚሞላ አርማታ በዝናብ ወቅት ጥንካሬውን ሳያጣ ሊሞላ ይችላል ወይ የሚለው ነው።

ቀድሞ በሰሜን ሸዋ ደጋ ቤት የሚሠራው ሰብል ከተሰበሰበ በኋላ በበጋው ወራት ነበር። ግድግዳው ከድንጋይና ከጭቃ፣ ክዳኑም እንደ መንዝ ባሉ አካባቢዎች ከጓሳ ሣር ስለሚሠራ ጭቃው የሚደርቅበት ፀሐይ ያስፈልግ ነበር፤ የሰው ጉልበትም ከእርሻ የሚተርፈው በዚያው ወቅት ነው። በሲሚንቶ፣ በብረትና በብሎኬት የሚሠራው የዛሬ ቤት ግን ይህን የጊዜ አቆጣጠር ብዙም አይከተልም። የመንግሥት የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን፣ ዝናቡ በሚበረታበት ወር ነው። ግለሰቡም ቢሆን ብድሩ የተለቀቀለት ወይም የግንባታ ፈቃዱ የተሰጠው ክረምት ላይ ከሆነ እስከ ጥቅምት መጠበቅ ያስቸግረዋል። ቢጠብቅም ከችግር ነፃ አይሆንም፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት በደብረ ብርሃን የሌሊቱ ሙቀት ከዜሮ ዲግሪ በታች የሚወርድበት ጊዜ ስላለ አዲስ አርማታ በውርጭ ሊጎዳ ይችላል፤ የካቲትና መጋቢት ሲደርሱ ደግሞ የበልግ ዝናብ ይመጣል። በዚህች ከተማ ዝናብም ውርጭም የሌለበትን ሳምንት ለመሠረቱ የሚመርጥ ሰው የሚመርጠው ብዙ ሳምንት አያገኝም።

ብዙ ቤት ሠሪ የሚፈራው በአርማታው ላይ የሚወርደውን ዝናብ ነው። ስሌቱ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። ጎኑ 1 ሜትር ተኩል በ1 ሜትር ተኩል፣ ውፍረቱ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ የዓምድ መሠረት ወይም ፉቲንግ 0.9 ሜትር ኩብ አርማታ ይይዛል። በአንድ እጅ ሲሚንቶ፣ በሁለት እጅ አሸዋና በሦስት እጅ ጠጠር ከተደባለቀ ባለ 50 ኪሎ ግራም ሲሚንቶ ከ6 ከረጢት በላይ ይወስዳል። 10 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ዶፍ በዚህ ፉቲንግ ላይ ቢወርድበት የሚጨምረው 22 ሊትር ተኩል ውሃ ነው፤ እሱም ከላይ የሚንሳፈፍ፣ የሚታይና ሊቀዳ የሚችል ነው። ጉድጓዱ 5 ሳንቲ ሜትር ውሃ አቁሮ ሳለ ቢሞላበት ግን አርማታው ከሥሩ 112 ሊትር ውሃ ይጠብቀዋል። በእርጥብ አሸዋ ውስጥ ተደብቆ ወደ ማደባለቂያው የሚገባው ውሃ ደግሞ ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ 5 ሊትር ብቻ ቢሆን እንኳ በድምሩ ከ30 ሊትር ይበልጣል። ይህ የመጨረሻው ውሃ ከአርማታው ጋር የተዋሃደ በመሆኑ ማንም መልሶ ሊያወጣው አይችልም። በክረምት መሠረት የሚያበላሸው፣ ከሚታየው ዝናብ ይልቅ ሳይታይ የገባው ውሃ ነው የሚባለውም ለዚህ ነው።

ሲሚንቶ የሚጠነክረው በመድረቅ ሳይሆን ከውሃ ጋር በሚያደርገው ኬሚካዊ ውሕደት ነው። ለውሕደቱ የሚያስፈልገው ውሃ ከሲሚንቶው ክብደት ሩብ ገደማ ሲሆን፣ ቀሪው የሚጨመረው አርማታው በብረቱ መካከል እንዲገባና እንዲጠቀጠቅ ነው። ትርፉ ውሃ በኋላ ሲወጣ ይዞት የነበረው ቦታ ረቂቅ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። ውሃው የሲሚንቶውን ክብደት ግማሽ ያህል ከሆነ፣ ማለትም ለአንድ ከረጢት 25 ሊትር ከሆነ፣ ለመኖሪያ ቤት የሚበቃ አርማታ ይገኛል። መጠኑ ወደ 30 ሊትር ከፍ ሲል ጥንካሬው በአምስተኛ ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቀንሳል። ቀዳዳው የበዛ አርማታ እርጥበት ስለሚያስገባ ውስጡ ያለውም ብረት ይዝጋል፤ መሠረት ደግሞ ዓመቱን ሙሉ እርጥብ አፈር ውስጥ የሚኖር የቤቱ ክፍል ነው። ግድግዳ ቢሰነጠቅ ይለሰናል፤ ጣሪያ ቢያፈስ ቆርቆሮው ይቀየራል፤ የተቀበረን ፉቲንግ ለመጠገን ግን ቤቱን ተሸክሞ መቆፈር ያስፈልጋል።

በአብዛኛው የግንባታ ቦታ የውሃ መለኪያው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። በበጋ፣ አሸዋው ደረቅ ሲሆን፣ ለአንድ ከረጢት አንድ ጀሪካን ከሩብ ይጨመራል። በክረምት ሠራተኛው ይህንኑ ልማድ ይዞ ከቀጠለ አርማታው ይቀጥናል። የአሸዋውን እርጥበት ለማወቅ ላቦራቶሪ የግድ አያስፈልግም። ከክምሩ መካከል 1 ኪሎ ግራም አሸዋ ተመዝኖ በብረት ምጣድ ላይ እየተማሰለ በእሳት ይደርቅና እንደገና ይመዘናል። 950 ግራም ከቀረ እርጥበቱ 5 በመቶ ገደማ ነው ማለት ነው። ለአንድ ከረጢት የሚገባው አሸዋ 100 ኪሎ ግራም አካባቢ ስለሚሆን 5 ሊትር ውሃ አብሮ ገብቷል፤ ስለሆነም የሚጨመረው አንድ ጀሪካን ብቻ ይሆናል። ክምሩ ሌሊት ዝናብ ከመታው ልኬታው በማግሥቱ ጠዋት መደገም አለበት፤ የክምሩ ሥርና አናትም እኩል ስለማይረጥቡ ናሙናው ከሁለትና ከሦስት ቦታ ቢወሰድ ይመረጣል።

እርጥብ አሸዋ ሌላም ስህተት ያመጣል። ከ5 እስከ 6 በመቶ እርጥበት ያለው አሸዋ ቅንጣቶቹ በውሃ ስለሚራራቁ ይዘቱ ከደረቁ አሸዋ በሩብ ያህል ሊያብጥ ይችላል። በሳጥን ሲሰፈር ሳጥኑ የሞላ ይመስላል፤ በውስጡ ያለው አሸዋ ግን ይጎድላል። በዚህ ምክንያት በመጠነኛ እርጥበት ጊዜ ስፍሩ ከፍ ይደረጋል። የሚገርመው፣ አሸዋው ፈጽሞ በውሃ ከተጥለቀለቀ እብጠቱ ጠፍቶ ወደ ቀድሞ ይዘቱ ይመለሳል። ክምሩን በሸራ ወይም በወፍራም ላስቲክ መሸፈንና ዙሪያውን ቦይ ማውጣት ይህን ሁሉ ስሌት ስለሚያቀል ከሁሉም የረከሰው መፍትሔ እሱ ነው።

በደብረ ብርሃን ዙሪያ ያለው ሜዳ ሰፊ ክፍሉ በጥቁር መረሬ ወይም ዋልካ አፈር የተሸፈነ ነው። ዋልካ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። አርሶ አደሩ በማሳው ላይ የሚያየው ስንጥቅ በቤቱ ሥርም ይኖራል። በጥልቀት ሳይቆፈር በዋልካ ላይ የተቀመጠ መሠረት በክረምት ወደ ላይ ይገፋል፣ በበጋ ወደ ታች ይወርዳል፤ በበርና በመስኮት ማዕዘን ላይ የሚታየው ሰያፍ ስንጥቅ ብዙውን ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው። ስለዚህ ቁፋሮው ከዋልካው አልፎ ጠንካራ አፈር ወይም ዓለት ላይ መድረስ ይኖርበታል። ዋልካው ጥልቅ ከሆነ ተቆርጦ ይወጣና በምትኩ የማያብጥ፣ በየንብርብሩ የሚጠቀጠቅ የተመረጠ አፈር ይሞላበታል። ጥልቀቱን የሚወስነው የአፈር ምርመራ እንጂ የጎረቤት ቤት ልምድ መሆን የለበትም፤ በአንድ ሰፈር ውስጥ እንኳ የዋልካው ውፍረት ይለያያል።

ክረምት ይህን ቁፋሮ የሚያበላሽበት መንገድ ቀላል ነው። ተቆፍሮ ክፍት ያደረ ወለል ዝናብ ሲመታውና የሠራተኛ እግር ሲረግጠው ትናንት ጠንካራ የነበረው ዛሬ ጭቃ ይሆናል። በጭቃ ላይ የተሞላ ፉቲንግ ጭቃው ሲጨመቅ አብሮ ይወርዳል፤ ሁሉም ፉቲንግ እኩል ስለማይወርድም ቤቱ ይጣመማል። ልምድ ያላቸው ግንበኞች በመጀመሪያው ቀን ቁፋሮ የመጨረሻዎቹን ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ሳይነኩ ይተዋሉ። ይህ ንብርብር ለሥሩ ከለላ ሆኖ ይቆይና ሙሌቱ በሚካሄድበት ዕለት ይቆረጣል፤ ወዲያውም ከ5 ሳንቲ ሜትር ያላነሰ ስስ የማንጠፊያ ኮንክሪት፣ በግንበኞች አጠራር ሊን ኮንክሪት፣ ይፈስበታል። ከዚያ በኋላ ዝናብ ቢመጣ እንኳ የሚያርፈው በአፈር ላይ ሳይሆን በንጹሕ ወለል ላይ ነው። የፈረሰ ጭቃ ካለ ተጠርጎ መውጣት አለበት፤ ድንጋይ ወይም ደረቅ አፈር በትኖ መሸፈን ጭቃውን ይደብቀዋል እንጂ አያጠነክረውም።

ወደ ጉድጓዱ የሚሰርግ ውሃ ካለ በአንዱ ማዕዘን፣ ከፉቲንጉ ወሰን ውጪ፣ አነስተኛ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ተቆፍሮ በፓምፕ ወይም በባልዲ ይቀዳል። ቀዳው አርማታው ሲሞላና ከተሞላም በኋላ ለተወሰኑ ሰዓታት ይቀጥላል። ውሃ ባቆረ ጉድጓድ ውስጥ ከላይ የሚወረወር አርማታ ሲሚንቶው ታጥቦ አሸዋና ጠጠሩ ብቻ ሊቀር ይችላል።

ብረቱም ከጭቃ መጠበቅ ይኖርበታል። ጭቃ የተለቀለቀ ብረት ከአርማታ ጋር አይያያዝም፤ ከሙሌቱ በፊት በውሃ ታጥቦ ውሃው መውጣት አለበት። ብረቱ በማንጠፊያው ላይ ተኝቶ እንዳይቀር ከሥሩ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ የሚያደርጉ የአርማታ ቁራጮች ይደረጋሉ። በቀጥታ አፈር ላይ ሲሆን ይህ ርቀት ወደ 7 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያድጋል።

በሰሜን ሸዋ ዞን እንሳሮ ወረዳ የተገነባው የለሚ ናሽናል ሲሚንቶ ፋብሪካ በመስከረም 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። የፋብሪካው መቅረብ ግን ሲሚንቶውን በቤት ሠሪው ግቢ ውስጥ ከሚገጥመው እርጥበት አያድነውም። ከረጢቶቹ ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብለው ይደረደራሉ። በጣት ሲጫኑት የማይፈርስ ጓል የያዘ ሲሚንቶ ለመሠረት አይሆንም።

የክረምቱ ዝናብ በደጋው በአብዛኛው ከቀትር በኋላ ስለሚበረታ ሙሌቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተጀምሮ ከቀትር በፊት ቢያልቅ ይመረጣል። በአንድ ቀን የሚጀመረው በዚያው ቀን ሊጨረስና ሊሸፈን የሚችለው ያህል ብቻ መሆን አለበት። ሸራውና ማገሩ አስቀድመው ከጉድጓዱ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ዶፍ ከጀመረ በኋላ ላስቲክ ፍለጋ መሮጥ ብዙ ጊዜ አይሳካም። አርማታው ሲወጣ ውሃው መብዛቱን ለማወቅ ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነው የስላምፕ መለኪያ ያገለግላል፤ ሾጣጣው ሲነሳ አርማታው ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ቢወርድ ለፉቲንግ ተስማሚ ነው። ሾርባ የመሰለ አርማታ ለባሬላ ተሸካሚው ይቀልለዋል፤ በቤቱ ላይ ግን ዕዳ ነው።

አደገኛው ጊዜ ከሙሌት በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ከ2 እስከ 4 ሰዓታት ናቸው። በዚህ ጊዜ የወረደ ከባድ ዝናብ የላይኛውን ሲሚንቶ ያጥበዋል። ያቆረው ውሃ በጥንቃቄ ይቀዳል እንጂ ደረቅ ሲሚንቶ ተነስንሶ እንዲመጠጥ አይደረግም፤ ይህ በብዙ ቦታ የሚታይ ልማድ ከላይ ስስ ቅርፊት ከመፍጠር ያለፈ ጥቅም የለውም። ዝናቡ ሥራውን ካቋረጠው ሙሌቱ በቀጥ ያለ ሰሌዳ ተገድቦ ይቆማል፤ በማግሥቱ የታጠበው ልል ንብርብር እስከ ጠጠሩ ድረስ ተፍቆ፣ ፊቱ ሻካራ ሆኖ፣ ከጸዳ በኋላ ይቀጥላል። አርማታው አንዴ ከጠና በኋላ የሚወርደው ካፊያ ጠላት አይደለም። እንዲያውም ግንበኛው በበጋ ቢያንስ ለ7 ቀናት ውሃ በማጠጣት የሚሠራውን ሥራ ይሠራለታል።

ቅዝቃዜው ግን ሊዘነጋ አይገባም። ፖዞላና የተቀላቀለበት ፒፒሲ ሲሚንቶ ከኦፒሲው ይልቅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው፤ በደብረ ብርሃን የክረምት ሌሊት ደግሞ ይበልጥ ይዘገያል። በአዲስ አበባ የተለመደውን የቀን ቆጠራ ይዞ የእንጨት ቅርጹን መንቀል ወይም ዓምድ መጫን ትክክል አይሆንም። ሆኖም ጉድጓዱን ለረጅም ጊዜ ክፍት መተውም ኩሬ ስለሚፈጥር፣ አርማታው ሲጠና ከሁሉም ጎን እኩል፣ በ20 ሳንቲ ሜትር ንብርብር እየተጠቀጠቀ ይሞላል። የወጣውን ዋልካ መልሶ መሙላት ተቆፍሮ የተጣለውን ችግር መመለስ ነው።

አንኮበር ላይ ጥያቄው መልኩን ይቀይራል። እዚያ ዋናው ነገር የተዳፋቱ ጎርፍ ነው። ከቁፋሮው በላይ በኩል ጎርፉን ወደ ጎን የሚመልስ ቦይ ሳይወጣ ጉድጓድ መቆፈር የሰፈሩን ውሃ ሁሉ ወደ መሠረቱ መጥራት ይሆናል። የፉቲንጉ ወለል ተዳፋቱን ተከትሎ ማጋደል የለበትም፤ እንደ ደረጃ እየተቆረጠ እያንዳንዱ እርከን አግድም ይሆናል፤ ሙሌቱም ከታችኛው እርከን ይጀምራል። ግማሹ በተቆረጠ ነባር መሬት፣ ግማሹ ከላይ ተገፍቶ በወረደ ልል አፈር ላይ የሚያርፍ ቤት ለመሰንጠቅ የተዘጋጀ ነው። አካባቢው በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ በመሆኑ ፉቲንጎቹን እርስ በርስ የሚያስተሳስር የአርማታ ማገርም ያስፈልጋል፤ በ1953 ዓ.ም. በካራቆሬና በማጀቴ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በዚሁ ጠርዝ ላይ የተከሰተ ሲሆን በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሳው ንዝረትም በሰሜን ሸዋ ተሰምቷል።

በዚሁ ተዳፋት ላይ፣ በደብረ ሲና አካባቢ በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ክረምቱ ሲወጣ የተከሰተው ከፍተኛ የመሬት መንሸራተት ብዙ መኖሪያ ቤቶችንና የእርሻ ማሳዎችን አውድሟል። መሬቱ ላይ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ስንጥቅ፣ ወደ ቁልቁለቱ ያዘነበለ ዛፍ፣ ቀድሞ ባልነበረበት ቦታ የፈለቀ ምንጭ የሚታይ ከሆነ ጉዳዩ ከአርማታው ጥራት በላይ ነው። የውሃው መጠን ተለክቶ፣ አሸዋው ተሸፍኖ የተሞላ ፉቲንግም ቢሆን ከሚንሸራተተው መሬት ጋር አብሮ ይሄዳል፤ እንዲህ ባለ ቦታ ከቁፋሮው በፊት የሚጠራው ግንበኛ ሳይሆን የጂኦሎጂ ባለሙያ ነው።