ቀብድ፣ ቅድመ ክፍያ ወይስ መያዣ? የቤት ኪራይ አማና በታሪክ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



እዚህ ባሕር ዳር ከዐስር ሶላት በኋላ ለሽምግልና ከሚመጡልን ጉዳዮች አንዱ የቤት ኪራይ ነው። ተከራይ ቤቱን ለቆ ቁልፍ ያስረክብና ሲገባ የሰጠውን ገንዘብ ይጠይቃል። አከራይ «ቀለም ላስቀባ ነው፣ የበሩም ቁልፍ ተበላሽቷል» ብሎ ግማሹን ያስቀራል። ተከራዩ «ስገባም እንዲሁ ነበር» ይላል። ጽሑፍ የለም፣ ምስክር የለም። በአንድ ሶፍ ጎን ለጎን ሲሰግዱ የኖሩ ሰዎች ሰላምታ ይነፋፈጋሉ። ነገሩን ከታሪኩ ብንጀምረው ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል።

በጣና ዙሪያ ቤት የሌለው ማን ነበር?

እ.ኤ.አ. በ1668 በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ጎንደር ላይ የተሰየመው ጉባኤ ሙስሊሞች ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። አዲስ ዓለም የሚባለው የጎንደር ሰፈር ታሪክ ከዚህ ውሳኔ ጋር የተያያዘ ነው። ርስት በአብዛኛው ለሙስሊም የተከለከለ ስለነበር አባቶቻችን በንግድና በሸማ ሥራ ኖሩ፤ ቢያርሱም የሰው መሬት ነው። በሐይቁ ዳር በደንገል ታንኳ ዓሣ እያጠመዱ የኖሩት የነገደ ወይጦ ወገኖቻችንም ርስት አልነበራቸውም። «እስላም አገር የለውም» የሚለው አባባል የዚያን ዘመን ኑሮ ያሳያል።

በ1967 ዓ.ም. ይህ ተለወጠ። በየካቲት የገጠር መሬት፣ ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ባሕር ዳርም የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ ፖሊ ቴክኒኩ፣ ኋላም ዩኒቨርሲቲው ሠራተኛና ተማሪ እየሳቡላት ሰፋች። ዛሬ ከእኛ ብዙዎቹ ግቢያቸው ውስጥ ክፍል ሠርተው ያከራያሉ። የተከራይን ሐዘን ከአባቶቻችን የወረስን ሰዎች አከራይ ስንሆን እንዴት ነን? ጥያቄው ይህ ነው።

አንድ ገንዘብ፣ ሦስት ስም

ጭቅጭቁ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ሲገባ የተከፈለው ገንዘብ ምን እንደሆነ ባለመለየቱ ነው።

አንደኛው ቀብድ ነው፤ በፊቅህ ዐረቡን ይባላል። ለውል ማሰሪያ የሚሰጥ ነው። የዑመር (ረ.ዐ) የመካ ሹም የነበሩት ናፊዕ ለእስር ቤት የሚሆን ቤት ከሰፍዋን ኢብን ኡመያ ሲገዙ፣ ዑመር ካልተስማሙ ሰፍዋን 400 እንዲያገኝ ተዋውለዋል። ኢማም አሕመድ ዐረቡንን ሲፈቅዱ ይህን ይዘዋል፤ አብዛኞቹ ዑለማእ ግን ከልክለውታል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ደግሞ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ሰጪ ውሉን ቢተው ቀብዱን እንዲያጣ፣ ተቀባይ ቢተው እጥፍ እንዲመልስ ይደነግጋል። ውሉ ከተፈጸመ ግን ቀብዱ ይታሰባል ወይም ይመለሳል።

ሁለተኛው ቅድመ ክፍያ ነው። ይህ ራሱ ኪራይ ነው፤ ያልተኖረበት ወር ካለ በውሉ መሠረት ይታሰባል እንጂ ለግድግዳ ቀለም አይያዝም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ወስኗል።

ሦስተኛው መያዣ ነው፤ ለጉዳት ዋስትና የሚቀመጥ ገንዘብ። በፊቅህ የሚቀርበው ለረህን ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ አኺራ ሲሄዱ የብረት ጥሩራቸው በሠላሳ ሷዕ ገብስ አንድ አይሁዳዊ ዘንድ ተይዞ ነበር። ጥሩሩ ግን የነቢዩ ንብረት መሆኑ አልቀረም። በጃሂሊያ ዘመን ባለዕዳው በቀኑ ካልከፈለ አበዳሪው መያዣውን ይወርስ ነበር፤ ኢስላም ያንን ሻረ። ስለዚህ መያዣ አከራዩ ዘንድ ቢቀመጥም የተከራዩ ሐቅ ነው።

ማን ያስረዳ?

የሸሪዓ ፍርድ መሠረት የታወቀ ነው፤ ማስረጃ በከሳሽ፣ መሐላ በካጅ ላይ ነው። «አበላሽተሃል» ያለ አከራይ ማሳየት አለበት። ፉቀሃእ የተከራይን እጅ የአማና እጅ ይሉታል፤ ወሰን ካላለፈ ወይም ቸል ካላለ በአግባቡ ኖሮበት ላረጀው አይጠየቅም። በአምስት ዓመት የደበዘዘ ቀለም የዘመን ሥራ ነው። የተሰበረ ማስታጠቢያን በቁም ሣጥን ከልሎ የወጣ ተከራይ ግን እርሱም አማና በልቷል፤ ይክፈል።

የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ፣ የአል-በቀራ 282ኛው፣ ስለ ምን እንደሆነ እናስታውስ፤ ዕዳን ስለመጻፍና ምስክር ስለማቆም ነው። እንግዲያው ተከራይ ሲገባ ሁለቱም ቤቱን አብረው ይዩ፤ የተሰነጠቀውን፣ የጎደለውን፣ የቆጣሪውን ቁጥር ይጻፉ፣ በስልክ ፎቶ ያንሱ። ገንዘቡ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ በስሙ ይጻፍ። ሲወጣም ያንኑ ወረቀት ይዘው እንደገና ይዩ። የሚቀነስ ካለ በደረሰኝ ይሁን።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከመካ ሲሰደዱ ዐሊይን (ረ.ዐ) ወደኋላ ያስቀሩት እርሳቸው ዘንድ የተቀመጠውን የሰዎች አማና እንዲመልስ ነበር። ሊገድሏቸው ያሴሩባት ከተማ ናት፤ ቤታቸውንም ትተው መውጣታቸው ነው። «ስለ ቤቴ ይሁን» ብለው ያስቀሩት ግን የለም።

የወንድምህ መያዣ ዛሬ እጅህ ላይ ካለ፣ ሳይጠይቅህ ደውልለት።

አላህ (ሱ.ወ) አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።