ጋኑ የቤቱን ኑሮ ሲናገር

ኢንካዎች ከመነሳታቸው ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት፣ በዛሬዎቹ ኢኳዶርና ፔሩ የሚያፏጭ የሸክላ ዕቃ ይሠራ ነበር። ሁለት ማሰሮዎች በቧንቧ ይገናኛሉ፤ ውሃ ተጨምሮባቸው ሲዘነበሉ ውሃው ከአንዱ ወደ ሌላው እየፈሰሰ አየሩን ይገፋዋል፤ አየሩም ብዙ ጊዜ በወፍ አምሳል በተሠራ አናት ላይ በተሰወረች ፊሽካ በኩል ይወጣል።

በደቡብ ኢትዮጵያ ያለው የጋሞ ደጋ ሸክላ አያፏጭም። ምስክርነቱ ሌላ ነው፤ ለእኔ ከፉጨቱ ይልቅ የሚደንቀኝም እሱ ነው።

አሜሪካዊው የሥነ ቁፋሮ ምሁር ጆን አርተር በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጋሞ ደጋ መንደሮች ቤት ለቤት እየዞረ ማሰሮውንና ጋኑን አጠና። ከቅርጹና ከጌጡ አልፎ ውስጡን አየ። ጠላ የሚጠነሰስበት ጋን ውስጡ ይላጣል፤ መጠጡ ሲብላላ የሚፈጠረው አሲድ ለስላሳውን ገጽ ይበላውና ሸካራ፣ በትናንሽ ጉድጓዶች የተበሳሳ ያደርገዋል። እጅ አስገብቶ ለዳሰሰው ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል።

ቆጮ ከጓሮ እንሰት ይገኛል። ጠላ ግን ብዙ እህል ይፈልጋል፤ ደጋግሞ የሚጠምቀው እህል የተረፈው ቤት ነው። ስለዚህ ውስጡ የተላጠ ጋን በብዛት የተገኘው በባለጸጎች ቤት ሆነ። አርተር ይህን እ.ኤ.አ. በ2003 አሳተመ፤ በ2006 ደግሞ ስለ ጋሞ ሸክላ አንድ መጽሐፍ አወጣ። ከዚያ ወዲህ የጥንት ከተማ የሚቆፍር ሰው፣ ከአንዲት ስባሪ ገል ማን ይደግስ እንደነበር ሊጠይቅ ይችላል።

ጋኑን የሠራችውስ? ማና ከሚባሉት ሸክላ ሠሪዎች ወገን የሆነች ሴት ናት። ያለ መንኮራኩር፣ ጭቃውን በጣቶቿ እየሳበች ግድግዳውን ታቆማለች፤ ካደረቀችው በኋላ ሜዳ ላይ በእሳት ታበስለዋለች። ማላ ከሚባለው ወገን የሆነ ገበሬ ያለ እሷ እጅ አይደግስም፤ ልጁን ግን ለልጇ አይድርም። መሬቱም በአብዛኛው የእሱ ነበር። በደል ነው፤ ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም። ከባለእጆቹም ብዙዎቹ ድሆች በመሆናቸው፣ የተላጠ ጋን በራሷ በሠሪዋ ቤት የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው።

ዛሬ የፕላስቲክ ጄሪካኑ የጋኑን ቦታ እየወሰደ ነው። አርባ ምንጭ ላይ እነዚህን ጋኖች የሚሰበስብ ሰው ከተነሳ፣ ከጠማቂው ቤት በፊት የሠሪዋን ስም ይመዝግብ።