ከአንድ መስኮት ወደ ሩቅ ኔትወርክ፤ የኮንሶል የተኩስ ጨዋታ በጋራ ሲጫወቱት ያተረፈውና ያጎደለው

በቴሌቪዥን መስኮት የሚታየው የተኩስ ጨዋታ ሲነሣ፣ ብዙ ሰው ነገሩን የልጆች ጊዜ ማሳለፊያ አድርጎ ይመለከተዋል። ይሁን እንጂ ጨዋታው ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚካፈሉበት ሲሆን፣ የሚያስነሣቸው ጥያቄዎች ለመሐንዲስ እንግዳ አይደሉም። ውሱን የሆነ የስሌት አቅም ለብዙ ተጠቃሚ እንዴት ይከፋፈላል? ተራርቀው የሚገኙ መሣሪያዎች በአንድ ድርጊት ላይ እንዴት ይስማማሉ? የተሠራው ነገርስ ሠሪው ትቶት ሲሄድ ዕጣው ምን ይሆናል? ይህ ጽሑፍ የእነዚህን ጥያቄዎች ታሪክ በ«ጎልደንአይ 007» እና በ«ሄይሎ» ጨዋታዎች መነሻነት ይመረምራል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድ መስኮት ለአራት ሰው

የተኩስ ጨዋታን በጋራ መጫወት የተጀመረው በኮንሶል አይደለም። በ1987 ለአታሪ ኤስቲ ኮምፒዩተር የወጣው «ሚዲ ሜዝ»፣ ለሙዚቃ መሣሪያዎች የታሰበውን የሚዲ መስመር በመጠቀም እስከ 16 ኮምፒዩተሮችን ያገናኝ ነበር። በ1993 የወጣው «ዱም» ደግሞ እስከ 4 ተጫዋቾችን በአካባቢ ኔትወርክ አገናኘ። ሆኖም በዚህ ዘዴ ለእያንዳንዱ ተጫዋች የየራሱ ኮምፒዩተር ያስፈልግ ስለነበር፣ በመሥሪያ ቤትና በዩኒቨርሲቲ ካልሆነ በቀር በተራ ቤተሰብ ቤት በቀላሉ የሚገኝ አልነበረም።

ይህን ችግር ያቃለለው ኮንሶሉ ነው። በ1996 የወጣው ኔንቲዶ 64 አራት የጆይስቲክ መሰኪያዎች ከፊቱ ተበጅተውለት ነበር። በእንግሊዝ አገር የሚገኘው የሬር ኩባንያ በማርቲን ሆሊስ መሪነት የሠራው «ጎልደንአይ 007» በኦገስት 1997 ለገበያ ሲቀርብ፣ አንዱን የቴሌቪዥን መስኮት ለአራት ከፍሎ አራት ሰዎችን ጎን ለጎን አስቀመጠ። የሚያስገርመው ይህ ክፍል በመጀመሪያው ዕቅድ ውስጥ ዋና ቦታ ያልነበረው መሆኑ ነው። ሥራው ሊጠናቀቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ስቲቭ ኤሊስ የተባለው የቡድኑ ባለሙያ ሠርቶ ጨመረው። ጨዋታው ከ8 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ፤ ብዙዎች እስከ ዛሬ የሚያስታውሱትም ያንኑ በመጨረሻ የተጨመረውን ክፍል ነው።

የዘዴው ዋጋ ግን ቀላል አልነበረም። በኔንቲዶ 64 የተለመደው ምስል በአግድም 320 በቁመት 240 ነጥብ ነው። ለአራት ሲከፈል ለአንድ ተጫዋች የሚደርሰው 160 በ120 ብቻ ይሆናል፤ በሩቅ የቆመ ተቃዋሚ በጥቂት ነጥቦች የተሠራ ጥላ ሆኖ ይቀራል። የመስኮቱ ስፋት ያው ቢሆንም የስሌቱ ሥራ ይበዛል፤ ምክንያቱም መሣሪያው ግድግዳውን፣ በሩንና ሰዉን በአራት የተለያዩ ዓይኖች አቅጣጫ እያንዳንዱን ለየብቻ ማስላት አለበት። በዚህም የተነሣ ፍንዳታ ሲበዛ የምስሉ ፍጥነት በግልጽ ይቀንስ ነበር።

ሌላው ጉድለት የምሥጢር አለመኖር ነው። ተደብቆ የሚጠብቅ ተጫዋች መደበቂያው በባላጋራው ዓይን ሥር፣ በዚያው መስኮት ላይ ይታያል። ኦድጆብ የተባለው ገጸ ባሕርይም ከሌሎቹ አጭር ስለሆነ ለመምታት ያስቸግር ነበር። እነዚህን ጉድለቶች ያረማቸው መሣሪያው ሳይሆን ክፍሉ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ነው። የሌላውን መስኮት የሚመለከት ይወቀሳል፤ ኦድጆብን የሚመርጥ ይሣቅበታል ወይም ይከለከላል። ደንቡን ያስከበረው ይሉኝታ ነበር ማለት ይቻላል።

ገመዱ

በኖቬምበር 15 ቀን 2001 ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ የተባለውን ኮንሶል ሲያወጣ፣ አብሮት የወጣው በባንጂ ኩባንያ የተሠራው «ሄይሎ» ነበር። ኤክስቦክስ የኤተርኔት መሰኪያ አብሮት የተሠራለት ስለነበር፣ አራት ኮንሶሎችን በገመድ በማያያዝ እስከ 16 ሰዎች በአንድ ሜዳ ላይ ሊገናኙ ቻሉ። ተቃራኒ ቡድኖች በተለያየ ክፍል ሲቀመጡ የመስኮት ስርቆቱ ተወገደ። በአንድ ቤት ውስጥ የሚጓዘው መልእክት መዘግየት በሰው ስሜት የማይለይ ስለሆነ ፍርዱም ለሁሉም እኩል ነበር። በጆይስቲክ ማነጣጠር ከኮምፒዩተር ማውስ ይልቅ የሚከብድ በመሆኑም፣ ጨዋታው የተጫዋቹ ዓላማ ወደ ባላጋራው ሲጠጋ እንቅስቃሴውን በጥቂቱ ቀዝቀዝ እያደረገ ይረዳ ነበር። ይህ እርዳታ ከዚያ በኋላ በኮንሶል ለሚሠሩ የተኩስ ጨዋታዎች የተለመደ ሆነ።

ጉድለቱ ከዝግጅቱ ክብደት ይመነጫል። 16 ሰው ለማጫወት አራት ኮንሶል፣ አራት ቴሌቪዥን፣ አራት የጨዋታ ዲስክና የሚያገናኛቸው የኔትወርክ ሀብ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ተሸክሞ ወደ አንድ ቤት መሰብሰብ በዓል እንጂ የዘወትር ሥራ ሊሆን አይችልም።

ሩቁ ኔትወርክ

ኮንሶልን ከሩቅ የማገናኘት ሙከራ ቀድሞም ነበር። በ2000 ለሴጋ ድሪምካስት የወጣው «ክዌክ 3 አሬና» በስልክ ሞደም አማካይነት እስከ 4 ሰዎችን ያገናኝ ነበር። ማይክሮሶፍት በኖቬምበር 2002 የከፈተው ኤክስቦክስ ላይቭ ግን ፈጣን የኢንተርኔት መስመር ላላቸው ብቻ የታሰበ ነበር። ኖቬምበር 9 ቀን 2004 የወጣው «ሄይሎ 2» ይህን አገልግሎት ሙሉ ለሙሉ ተጠቀመበት፤ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት በአሜሪካ ገበያ የተሸጠው 125 ሚሊዮን ዶላር እንደደረሰ ተገልጿል።

የ«ሄይሎ 2» ዋና ፈጠራ የማገናኛው ሥርዓት ነው። ቀደም ሲል በኮምፒዩተር የሚጫወት ሰው ከረጅም የሰርቨር ዝርዝር ውስጥ ራሱ መምረጥ ነበረበት። በ«ሄይሎ 2» ግን የሚፈልገውን የጨዋታ ዓይነት ብቻ ይመርጣል፤ ተጋጣሚን በችሎታ ደረጃ አመዛዝኖ የሚያገናኘው ሥርዓቱ ነው። ከዚያም በኋላ በካምብሪጅ የሚገኘው የማይክሮሶፍት የምርምር ክፍል፣ ለቼዝ የተቀመረውን የኤሎ ስሌት ሐሳብ በማስፋት «ትሩስኪል» የተባለውን ዘዴ አወጣ። ይህ ዘዴ የተጫዋቹን ችሎታ ብቻ ሳይሆን፣ ስለዚያ ችሎታ ያለውን እርግጠኝነትም ጭምር ያሰላል። ጀማሪው ከጀማሪ፣ ብርቱው ከብርቱ የሚገጥምበት መንገድ ተከፈተ፤ ብቻውን የሚኖር ሰውም በእኩለ ሌሊት ተጋጣሚ አላጣም።

ነገር ግን ርቀት የራሱ ሕግ አለው። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ የሚጓዘው በሰኮንድ 200,000 ኪሎሜትር ያህል ነው። ስለዚህ በ4,000 ኪሎሜትር ርቀት ላይ የሚገኙ ሁለት ተጫዋቾች መልእክት ተለዋውጠው መልስ ለማግኘት፣ መስመሩ ቀጥ ያለና በመካከሉ ምንም የማይዘገይበት ቢሆን እንኳ፣ 40 ሚሊሰኮንድ ይፈጅባቸዋል። በ«ሄይሎ 2» ደግሞ ጨዋታውን የሚዳኝ የተለየ ሰርቨር አልነበረም፤ ከተጫዋቾቹ የአንዱ ኮንሶል አስተናጋጅ ሆኖ ይመረጥ ነበር። ይህ ለኩባንያው ወጪ ቢቀንስም፣ ዳኛውን ከተፋላሚዎቹ አንዱ ቤት ማስቀመጥ ማለት ነው። የአስተናጋጁ ተኩስ ያለ መዘግየት ሲመዘገብ የሌሎቹ ግን መንገድ ላይ ይቆያል። አንዳንዶችም የሞደማቸውን መስመር ለአፍታ እያቋረጡ ሌሎቹን በቦታቸው ያደርቁ፣ በዚያው ቅጽበትም ያጠቁ ነበር።

ከዚህ የማይተናነሰው ጉድለት የሥነ ምግባር ነው። በጆሮ ማዳመጫ የሚመጣው ድምፅ ፊት የለውም፤ ስምም የለውም። ጓደኛው ፊት የማይሳደብ ሰው ለማያውቀው ሰው፣ አንዳንዴም ለሕፃን፣ አንደበቱን ሲለቅ ተሰማ። በአንድ ክፍል ውስጥ ይሉኝታ ያስከብረው የነበረውን ደንብ፣ በኔትወርኩ ላይ የአቤቱታ ቅጽና የእገዳ ሥርዓት ሊተካው ሞከረ፤ ሙሉ ለሙሉ ግን አልተካውም።

የአገልግሎት ዘመን

ትልቁ ጥያቄ የመጣው በመጨረሻ ነው። ኤፕሪል 15 ቀን 2010 ማይክሮሶፍት ለመጀመሪያው ኤክስቦክስ ይሰጥ የነበረውን የኔትወርክ አገልግሎት ዘጋ። ጥቂት የ«ሄይሎ 2» ተጫዋቾች ኮንሶላቸውን ሳያጠፉ እስከ ሜይ ድረስ ቆዩ፤ ቀድሞ የተዘረጋው ግንኙነት እስኪቋረጥ ድረስ እየተጫወቱ አንድ በአንድ ወጡ። ዲስኩ በእጃቸው ነው፤ መሣሪያውም ይሠራል፤ በአገልግሎቱ ላይ የቆመው ክፍል ግን ተዘጋ። ገመዱና የተከፈለው መስኮት ግን የማንንም ፈቃድ ስለማይጠይቁ ዛሬም ይሠራሉ።

ይህ ትምህርት ወዲያው ተግባር ላይ አልዋለም። በ2015 የወጣው «ሄይሎ 5» ዳኝነቱን ለተለዩ ሰርቨሮች በመስጠት የአስተናጋጁን ብልጫ አስቀረ፤ ነገር ግን ምስሉን በሰኮንድ 60 ጊዜ ለማሳየት ሲባል የተከፈለውን መስኮት ሰረዘ። ቅሬታው ስለበረታ፣ በ2017 የሠሪው ኩባንያ መሪ ወደፊት የሚወጡት የሄይሎ የተኩስ ጨዋታዎች ይህን አገልግሎት እንደሚይዙ ቃል ገባች። የሆነ ሆኖ በ2021 የወጣው «ሄይሎ ኢንፊኒት» ለውድድሩ ክፍል የተከፈለ መስኮት ቢኖረውም፣ ለታሪኩ ክፍል የታሰበው በ2022 ተሰረዘ። በአንጻሩ «ጎልደንአይ 007» በጃንዋሪ 2023 እንደገና ሲወጣ፣ የኤክስቦክሱ ቅጂ በጋራ የሚጫወቱት በአንድ መስኮት ብቻ ሆኖ ቀረበ፤ በኔትወርክ መጫወት የተፈቀደው በኔንቲዶ ስዊች ላይ ብቻ ነው።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው መደምደሚያ የቀድሞው ከአዲሱ ይበልጣል የሚል አይደለም። የሩቁ ኔትወርክ ተመጣጣኝ ተጋጣሚን በማስገኘት የሠራው ሥራ በአንድ ክፍል ውስጥ ከቶ ሊሠራ የሚችል አልነበረም። ሆኖም ሥራው በሌላ ወገን አገልግሎት ላይ ብቻ ሲቆም፣ ዕድሜው የሚለካው በራሱ ጥንካሬ ሳይሆን በዚያ ወገን በጀት ነው። ማዕከላዊ መስመር የሚዘረጋ ባለሙያ ተጠባባቂ ጄኔሬተር እንደሚተክል ሁሉ፣ የኔትወርክ አገልግሎት የሚነድፍም በቅርብ የሚሠራ፣ ፈቃድ የማይጠይቅ ሁለተኛ መንገድ ሊተውለት ይገባል። ይህን መንገድ መተው ወጪ አለው፤ ወጪው ግን በንድፉ ወቅት ሊሰላ የሚችል ነው። ከተዘጋ በኋላ ግን ተጠቃሚው በራሱ ኪሳራ ይከፍለዋል።