ሞዓ አንበሳ (የለገሃሩ)

አዲስ አበባ ለገሃር ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት የቆመው፣ ወርቅ የተለበጠው የነሐስ አንበሳ የፈረንሳዊው ቀራጭ የዦርዥ ጋርዴ (1863–1939 እ.ኤ.አ.) ሥራ ነው። ጋርዴ እንስሳትን በመቅረጽ የታወቀ ነበር። ሐውልቱ የተመረቀው በ1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል ዋዜማ ነው። ብዙ ሰው ብሔራዊ ቴአትር አጠገብ ካለው አንበሳ ጋር ያምታታዋል። ያኛው ግን ሞሪስ ካልካ በ1948 ዓ.ም. ለዘውዱ ኢዮቤልዩ ከድንጋይ ያወጣው፣ ማዕዘኑ የበዛ የዘመናዊነት ሥራ ነው። የጋርዴው አንበሳ ዘውድ ደፍቶ ጥቁር ጥርብ ድንጋይ ላይ ቆሟል፤ በድንጋዩ ጎኖች የዳግማዊ ምኒልክ፣ የዘውዲቱ፣ የራስ መኰንንና የኃይለ ሥላሴ ምስሎች ይታያሉ።

«የፈረንሳይ ዕቃ ነው፤ ታሪኩም እዚያው ያልቃል» የሚል አስተያየት አለ። ለድንጋይ ቅርጽ ቢሆን ክርክሩ ጥቂት ሚዛን ይኖረው ነበር። የነሐስ ሐውልት ግን መጀመሪያ በሌላ ነገር ተቀርጾ፣ ከዚያ ፎርማ ወጥቶለት፣ የቀለጠ ነሐስ ይፈስበታል፤ ውስጡም ባዶ ነው። ከተሠራበት አገር ርቆ እንዲቆም ታስቦ የሚሠራ ነገር ነው ማለት ይቻላል። በዚያን ጊዜ ከባድ ጭነትን ከባሕር ወደ አዲስ አበባ በምቾት የሚያደርስ መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የጅቡቲ ባቡር። መስመሩ በዛሬው ሶማሌ ክልል ሰሜናዊ ጫፍ በደወሌ፣ በአይሻ፣ በአዲጋላና በሽንሌ በኩል ድሬዳዋ ይደርስ ነበር። ከድሬዳዋ ወዲህም ኤረርን አልፎ ወደ አዋሽ ይወርድ ነበር። ስለዚህ የአንበሳውን ታሪክ የሚጽፍ ሰው እነዚህን ጣቢያዎች ከቀራጩ ስም ቀጥሎ ቢያሰፍራቸው አይበዛም። ንጉሠ ነገሥቱም በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ወደ ስደት የሄዱት በዚሁ ሐዲድ ነው።

ጣሊያን ከወረራው በኋላ አንበሳውን ወደ ሮም ወሰደው፤ «የወሰደው ለመጫን ስለቀለለው ነው» የሚሉም አሉ። ይህ አያስኬድም። ጊዮርጊስ አጠገብ ያለው የምኒልክ ፈረሰኛ ሐውልትም ነሐስ ነው፤ እሱን ግን አውርደው ሰወሩት እንጂ ሮም ላይ አላቆሙትም። ምኒልክን ማቆም ዓድዋን ማስታወስ ነበር። አንበሳው ግን በ1929 ዓ.ም. ሮም ውስጥ ዶጋሊ ላይ በ1879 ዓ.ም. ለሞቱት የጣሊያን ወታደሮች መታሰቢያ ሥር ተቀመጠ። ቦታው ራሱ ዓላማቸውን ይናገራል፤ የራስ አሉላን የዶጋሊ ድል በምርኮ መመለስ ፈልገው ነበር። ኤርትራዊው ዘርዓይ ደረስ በሰኔ 1930 ዓ.ም. በዚያው አካባቢ ሰይፍ መዞ ጣሊያኖች ላይ ተነሣ። ስንት ሰው እንደ ጣለ በአፍ የሚወራው ከጣሊያኖቹ መዝገብ ብዙ ይበልጣል፤ እስረኛ ሆኖ በጣሊያን የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሞቱ ግን አያከራክርም።

አንበሳው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ተመልሶ ለገሃር ላይ ቆመ። እንደ አንበሳው በወረራው ዘመን ተወስዶ የነበረው የአክሱም ሐውልት ግን እስከ 1997 ዓ.ም. ሮም ቆየ፤ የመጣውም በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ነው።