የብስክሌት ፍሬም መጠንና የእንጦጦ ዳገት

የብስክሌት ፍሬም መጠን የሚባለው ከፔዳሎቹ ማዕከል ተነስቶ የኮርቻው ዘንግ እስከሚገባበት አፍ ድረስ ያለው የቋሚው ቱቦ ርዝመት ነው። የአስፋልት ብስክሌት በሴንቲሜትር፣ የተራራ ብስክሌት በኢንች ወይም ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ተብሎ ይለካል። ገበያ ላይ «26» ወይም «29» ሲባል የሚሰማው ቁጥር ግን የጎማው ነው እንጂ የፍሬሙ አይደለም። ብዙ ገዢ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው፤ ጎማቸው እኩል 26 ከሆነ ሁለት ሳይክሎች አንዱ ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ፣ ሌላው ለመለሎ ጎልማሳ የተሠራ ሊሆን ይችላል።

በአዲስ አበባ ከየካ ክፍለ ከተማ፣ ከመገናኛ ተነስቶ በሲኤምሲ በኩል ወደ አያት ለሚመላለስ ሰው የማይስማማ ፍሬም ጉዳቱ ቶሎ ላይታወቅ ይችላል። መንገዱ ብዙ አያስጨንቅም። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ ላይ፣ ወደ እንጦጦ ተራራ ሲታጠፍ ግን ነገሩ ይለወጣል። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ስትሆን የእንጦጦ ጀርባ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። እዚያ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ባሕር ዳርቻ ካለው በ30 በመቶ ገደማ ስለሚያንስ፣ ጉልበቱን በትክክል ፔዳሉ ላይ ማሳረፍ ያልቻለ ብስክሌተኛ ትንፋሹን በከንቱ ይጨርሳል። ዳገቱን በብስክሌት መውጣት የጥቂት ስፖርተኞች ጉዳይ ብቻ መሆኑም ቀርቷል። የብስክሌት መንገዶች ያሉት እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም ተከፍቷል፤ በ2016 ዓ.ም የተጀመረው የኮሪደር ልማትም ከአራት ኪሎ በቀበና ወደ መገናኛ በሚወስደው መስመር ላይ ለብስክሌት የተለየ መንገድ አስገኝቷል። ስለዚህ የየካ ነዋሪ ሳይክል ሲገዛ በሳምንቱ ቀናት አስፋልቱን፣ በእረፍት ቀን ደግሞ ዳገቱን አስቦ ነው።

ትክክለኛውን ፍሬም ለማግኘት መነሻው ቁመት ሳይሆን የውስጥ እግር ርዝመት ነው። አለካኩ ቀላል ነው። ጫማ አውልቆ ጀርባን ከግድግዳ ጋር አጣብቆ መቆም፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በጭን መካከል አስገብቶ ኮርቻ ላይ የተቀመጡ ያህል ጠበቅ አድርጎ ወደ ላይ መሳብ፣ የመጽሐፉ የላይኛው ጠርዝ የደረሰበትን በእርሳስ ምልክት ማድረግ፤ ከዚያ ከወለሉ እስከ ምልክቱ መለካት። ውጤቱ በ0.66 ሲባዛ የአስፋልት ብስክሌት ፍሬም፣ በ0.57 ሲባዛ የተራራ ብስክሌት ፍሬም በሴንቲሜትር ይገኛል። የውስጥ እግሩ 80 ሴንቲሜትር ለሆነ ሰው ለአስፋልት 53 ሴንቲሜትር ገደማ፣ ለተራራ 45.6 ሴንቲሜትር ወይም 18 ኢንች ማለት ነው።

የኮርቻው ከፍታም የራሱ ስሌት አለው። ፈረንሳዊው አሠልጣኝ ሲሪል ጊማር ከብስክሌተኞቹ ከእነ በርናር ኢኖና ግሬግ ሌሞንድ ጋር ሲሠራ ይጠቀምበት የነበረውና በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የታወቀው ዘዴ የውስጥ እግርን በ0.883 ማባዛት ነው። 80 ሴንቲሜትር ላለው ሰው ከፔዳሎቹ ማዕከል እስከ ኮርቻው አናት 70.6 ሴንቲሜትር ይመጣል። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበት ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ያህል እጥፍ ማለት አለበት። ኮርቻው ዝቅ ብሎ ጉልበቱ ከመጠን በላይ ከታጠፈ ዳገት ላይ ከፊት በኩል ሕመም ይጀምራል።

ቁመታቸው እኩል የሆነ ሁለት ወንድማማቾች አንድ ፍሬም ላይስማማቸው ይችላል። አንዱ እግረ ረጅም፣ ሌላው ወገቡ የረዘመ ከሆነ፣ የሁለተኛው ችግር ከኮርቻው እስከ መሪው ያለው ርቀት ነው። ሻጮች የሚያሳዩት የቁመት ሠንጠረዥ ይህን አይነግርም፤ ለዚህ ነው ሠንጠረዡን ፍንጭ እንጂ ዳኛ ማድረግ የማይገባው።

የፍሬም አሠራርም ከዘመን ዘመን ተለውጧል። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ በተሳተፈችበት፣ በ1949 ዓ.ም በሜልቦርን በተካሄደው ውድድር፣ እነ ገረመው ደንቦባ በብስክሌት ተሰልፈው ነበር። በዚያ ዘመን የነበሩት የእሽቅድምድም ብስክሌቶች የላይኛው ቱቧቸው አግድም ስለነበር የቋሚው ቱቦ ርዝመት ብቻውን ብዙ ይናገር ነበር። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ግን እንግሊዛዊው ማይክ በሮውስ ለጃያንት ኩባንያ የላይኛው ቱቦ ወደ ኋላ የሚያዘቀዝቅ ፍሬም ነደፈ፤ ጥቂት መጠኖች ብዙ ሰው ያዳርሱ ጀመር። በአሁኑ ፍሬም ላይ ቋሚው ቱቦ አጭር ሆኖ ብስክሌቱ ግን ረጅም ሊሆን ይችላል። ያገለገለ ሳይክል የሚገዛ ሰው አሮጌውንና አዲሱን ፍሬም በቋሚው ቱቦ ርዝመት ብቻ እንዳያነጻጽር መጠንቀቅ አለበት።

እንጦጦ ላይ ሁለት ነገር ይፈተናል። ሽቅብ ሲወጣ የሰውነት ክብደት ወደ ኋላ ስለሚሸሽ በጣም አጭር ፍሬም የፊት ጎማው ከመሬት እንዲነሳ ያደርጋል። ቁልቁል በባሕር ዛፉ መካከል ሲወረድ ደግሞ ብስክሌተኛው ከኮርቻው ተነስቶ ወደ ኋላ መሸሽ፣ ሲያስፈልግም ድንገት እግሩን መሬት ማድረስ አለበት፤ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች መንገዱን ይጋራሉና። ለዚህ ነው በሁለት እግር ሲቆም በጭንና በላይኛው ቱቦ መካከል ለአስፋልት ከ2 እስከ 5 ሴንቲሜትር፣ ለተራራ ከ5 ሴንቲሜትር በላይ ክፍተት የሚፈለገው። በሁለት መጠን መካከል የወደቀ ሰው ለእንጦጦ ትንሹን ቢመርጥ ይሻለዋል። ቀሚስ ለብሰው ለሚነዱ ሴቶች የሚሠራው፣ የላይኛው ቱቦ ዝቅ ያለበት ፍሬም ይህ የክፍተት ፈተና አይመለከተውም፤ እዚያ ይበልጥ የሚታየው የመሪው ርቀት ነው።

ወላጆች ልብስ ሲገዙ «ያድግበታል» የሚሉት ብስክሌት ላይ አይሠራም። ገና የሚማር ልጅ ኮርቻ ላይ ተቀምጦ የሁለቱ እግሮቹ ጣቶች መሬት ካልነኩ መቆም ስለማይችል ፍሬን መያዝም ይፈራል። ሁለት ቁጥር የተለቀ ሳይክል ልጁን ደፋር አያደርገውም፤ ይጥለዋል።

ከተገዛ በኋላ የሚስተካከለው ጥቂት ነው። ኮርቻው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ጥቂት ሴንቲሜትር ይንሸራተታል፤ መሪውን የሚይዘው አንገት በአጭር ወይም በረጅም ይቀየራል። የኮርቻው ዘንግም ከፍና ዝቅ ይላል፤ ነገር ግን ላዩ ላይ የመጨረሻ ከፍታ የሚያመለክት መስመር ተቀርጿል። ከዚያ በላይ ከተሳበ ዘንጉ ሊሰበር ወይም ፍሬሙን ሊሰነጥቅ ይችላል። ትክክለኛው የኮርቻ ከፍታ ላይ ለመድረስ ያ መስመር ከቱቦው ውጭ መታየት ካለበት፣ ፍሬሙ ትንሽ ነውና ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አለመግዛት ነው።